እጅ አልባው ሥዕል

አሰልጣኙ በሪንጉ መሃል በጀርባው ተዘርሯል። ከቀኝ ጆሮው በላይ ያለው አጥንት እንደተረገጠ ጣሳ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ ቀኝ ዓይኑ በእብጠት ተውጦ አይታይም። የተገደለበት መሣሪያ ሩቅ አልተጣለም። ቦክሰኞች ክንዳቸውን የሚያፈረጥሙበት አጭር የክብደት ብረት ከትከሻው አጠገብ ወድቋል፤ ጫፉ ላይ ሽበት ተጣብቆበታል። ምቱ አንድ አልነበረም። የመጀመሪያው ጣለው፤ የቀሩት ከወደቀ በኋላ የወረዱበት ናቸው። ደሙ ከማታ ጀምሮ ወለሉ ላይ ተንጣልሎ፣ እስኪነጋ ደርቆ ቅርፊት ሆኗል።

መርማሪዋ በገመዶቹ መካከል ሾልካ ገባችና እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ቆመች። ሃምሳን የተሻገረች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ሬሳ አጠገብ ስትሆን ደግሞ፣ ሰው የተኛበት ክፍል የገባች ይመስል፣ ጭራሽ ታንሾካሹካለች።

«ከፊት ለፊት ነው የተመታው» አለ አብሯት የመጣው ሳጅን፣ ወፍራም ክንዱን አየር ላይ እያወናጨፈ። «የተሰበረው ቀኝ ጎኑ ነው። ስለዚህ መቺው ግራኝ ነው። እዚህ ክለብ ውስጥ ደግሞ ‹ግራው› የሚሉት ቦክሰኛ አለ። ስሙ ራሱ እያጋለጠው ነው። ሄጄ ላምጣው?»

«ስም ብረት አያነሳም፣ ሳጅን። ይመጣል። ሁሉም ይመጣሉ።»

ሟቹን ሰፈሩ የሚያውቀው «ድንጋዩ» በሚል ቅጽል ነው። በጉብዝናው ዘመን የሰው መንጋጋ ሲሰብር፣ የሱም ሲሰበር፣ ድምፅ ሳያሰማ የኖረ ሰው ነበር። ጓንቱን ከሰቀለ በኋላ ይህን የቦክስ ክለብ ከፍቶ ወጣቶችን ማሰልጠን ጀመረ። ካቻምና አንድ ልጁ በዚሁ ሪንግ ላይ፣ በማጣሪያ ግጥሚያ፣ አንድ ምት አርፎበት ሲሞት አባትየው እንባ አልወጣውም ይባላል። በማግስቱ ክለቡን በሰዓቱ ከፍቷል።

ከሪንጉ ማዶ፣ በእንጨት ማቆሚያ ላይ፣ የዚሁ ሰው ሥዕል ቆሟል። ለክለቡ ግድግዳ የተሳለ ነው፤ ተጠናቆ ለቤተሰቡ የታየው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነበር። አሰልጣኙ በሪንጉ ጥግ በአጭር መቀመጫ ላይ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ፊቱም ደረቱም ደህና ነው። ከሆዱ በታች ግን ሥዕል የለም። እጆቹና ጉልበቶቹ የነበሩበት ሸራ በስለት ተቆርጦ ተወስዷል፤ በቀዳዳው በኩል የኋላው ግድግዳ ይታያል።

«ጥላቻ ነው» አለ ሳጅኑ።

«የጠላ ሰው የሚቀደው ፊትን ነው። ይሄኛው ፊቱን በጭረት እንኳ አልነካም። የፈለገው እጆቹን ብቻ ነው።» የቀዳዳውን ጠርዝ በጣቷ ነካ አደረገች። ደማቅ ቀይ ጣቷ ላይ ተለጠፈ። አሸተተችው፤ ዘይት ዘይት ይላል። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

ከዚያ ወደ ሥዕሉ ፊት ቀና አለች። «ምን ዓይነት ሰው ይመስልሃል?» አለች።

«የደከመው።»

«ለእኔ ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው ነው። ጥያቄው ግን ፊቱ ላይ የለም። እጁ ላይ ነበር መሰለኝ።»

ትናንት ሥዕሉን ያዩት አራት ሰዎች ናቸው። ሠዓሊዋ፣ የሟቹ ሚስት፣ ታናሽ ወንድሙና ግራው። አራቱም እንዳዩ ተበታተኑ፤ አራቱም ማታውን ያሳለፉት ብቻቸውን ነው። አሰልጣኙ ከሚስቱ ጋር መኝታ ከለየ ቆይቶ ስለነበር፣ አብዛኛውን ቀን የሚያድረው ክለቡ ፎቅ ላይ ካለው ክፍል ነው፤ ስለዚህ ለምን አልመጣም ብሎ የፈለገው ሰው አልነበረም። ጠዋት በሩን ከፍቶ ያገኘው ወንድሙ ነው።

መርማሪዋ በክለቡ ጠባብ ቢሮ ውስጥ ተቀመጠችና መጀመሪያ ሠዓሊዋን አስጠራች። ጥፍሮቿ ሥር ቀለም የማይጠፋ ወጣት ሴት ናት። ቀዳዳውን አይታ ነው የመጣችው።

«እጁ ላይ ምን ነበር?»

«ጓንት። ቀይ፣ ያረጀ የቦክስ ጓንት። የሚወዱትን ነገር ይዘው ይቀመጡ ስላቸው ከተቆለፈ ቁምሳጥን አውጥተው አመጡት። የልጄ ነው አሉኝ።»

«ስትስያቸው እንዴት ነበሩ? ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»

ሠዓሊዋ እጆቿን ጭኖቿ መካከል ወሸቀቻቸው። «ሰው መጀመሪያ ለእንግዳ ያዘጋጀውን ፊት ነው የሚያሳየኝ። ቁጭ ባለ ቁጥር ይሰለቸዋል፣ ይረሳዋል፣ ያወርደዋል። እኔ የምጠብቀው እስኪያወርደው ነው። ጋሼም ያን ድንጋይነታቸውን ከብዙ ቀን በኋላ አወረዱት። ከሥሩ ያገኘሁት ያዘነ አባት ነው። አውራ ጣታቸውን ጓንቱ ላይ እያሻሹ፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ እየዳበሱ ይቀመጡ ነበር። እሱን ሰው ሳልኩት። ጨረስኩ ብዬ ነበር።»

«አልጨረስሽም ማለት ነው።»

«አንድ ቀን አውራ ጣታቸው ቆመ። ከጓንቱ ግንባር፣ ቡጢው ከሚያርፍበት፣ አንድ ቦታ ላይ ጫን፣ ለቀቅ፣ ደግሞ ጫን አደረጉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ አስጠግተው ስፌቱን አዩት። ረጅም ሰዓት አዩት። ምንም አላሉኝም፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ግን ያ ያዘነ ሰው ከዚያ በኋላ አልመጣልኝም። ብጠብቅ ብጠብቅ እምቢ አለኝ። ፊቱን ሙሉ በሙሉ ፍቄ እንደገና ሳልኩት።»

«አዲሱ ሰው ማን ነበር?»

«እርስዎ ያዩት። ሐዘኑን ወደ ጎን አስቀምጦ አንድ ነገር የሚጠብቅ ሰው።» ትንፋሿን ሳበች። «ሌላም ነገር አለ። ትናንት ጨርቁን ስገልጠው ሁላችንም ሥዕሉን አየን። እሳቸው ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። የኛን ፊት ነበር የሚያዩት፣ አንድ በአንድ።»

«ስፌቱን ታስታውሺዋለሽ?»

«እያንዳንዷን። ጓንቱ የፋብሪካ ነው፤ ግንባሩ ላይ ግን ተተርትሮ በእጅ የተሰፋ ቦታ አለው። ክሩ ሁሉ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፣ ነፋስ እንደሚገፋው ዝናብ። መሳሉ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«እንግዲያው የጎደለውን ወረቀት ላይ ሳዪልኝ። ከሰዓት በኋላ እፈልገዋለሁ።»

ሚስትየዋ ስትገባ አላለቀሰችም፤ ጥቁር ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ባለቤትዎን ይጠሉት ነበር ይላል ሰው» አለቻት መርማሪዋ።

«ሰው ልክ ነው፣ እህቴ። ልጄን በቀን በሌሊት ካላሰለጠንኩት ብሎ እዚህ ሪንግ ላይ ያመጣው እሱ ነው። ልጄ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ እጄ ላይ ሲንፈራገጥ፣ እሱ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? ጓንቶቹን ሰብስቦ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈ። የኔ ልጅ አረፋ እየደፈቀ፣ እሱ ዕቃ ያስቀምጣል።»

«ትናንት ሥዕሉን ሲያዩት ምን አሉ?»

«የሚያምር ውሸት ነው ብዬ ወጣሁ። ልጅቷን ቅር አሰኝቻት ይሆናል። የሌለውን ልብ ሳለችለት፣ ምን ልበል?» ከንፈሯን ነከሰች። «ደግሞ ጓንቱ የልጄ አይደለም። የክለቡ ጓንት ሁሉ አንድ ዓይነት ቀይ ነው፤ እኔ የልጄ እንዲለይ አንጓው ላይ ሰማያዊ ክር ሰፍቼበት ነበር። ሥዕሉ ላይ ያለው ክር የለውም። የሞተ ልጁን ጓንት እንኳ ከሰው ጓንት መለየት የማይችል አባት ነበር።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ያን ቀን የቆለፈባቸው የማን የማን ጓንቶች ናቸው?»

«የልጄና የሱ የግራው። ሁለቱ ነበሩ የሚጋጠሙት።»

ሳጅኑ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ስለነበር፣ ሚስትየዋ ስትወጣ ፊቱ በርቶ ገባ። «ጓንቱም የሱ፣ ምቱም የግራ። ምን ቀረን?»

«እሱን ማነጋገር።»

ግራው በሩን ሞልቶ ገባ። አፍንጫው ከአንድ ጊዜ በላይ ተሰብሮ ተጣሞ የገጠመ፣ ትከሻ ሰፊ ወጣት ነው። መርማሪዋ ውሃ ቀዳችለት። ብርጭቆውን በቀኝ እጁ አነሳው። መዝገቡ ላይ ስሙን ሲጽፍም በቀኙ ነው።

«ግራኝ አይደለህም?»

«ሪንግ ውስጥ ብቻ። ጋሼ ነው የገለበጠኝ። ከግራ የሚመጣን ቡጢ ሰው አይለምደውም ብሎ።»

«ልጁን የመታኸው በዚያ እጅ ነው።»

ወጣቱ ብርጭቆውን ወለል ላይ አስቀመጠው። «አዎ። ከሁለታችን አንዳችን ነበርን ለብሔራዊ ቡድን የምናልፈው። አንድ ግራ ሰነዘርኩ። ከሱ የከፋ የመታኋቸው ሰዎች ተነስተው እጄን ጨብጠውኛል። እሱ አልተነሳም። ልክ ሲያርፍበት ድምፁ ሌላ ነበር፤ የጓንት ድምፅ አልነበረም። እስካሁን ስተኛ እሰማዋለሁ።»

«ጋሼ ወቅሰውህ ያውቃሉ?»

«አንድ ቀንም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር እስክል ድረስ አስተማረኝ።»

«ሥዕሉን ስታየው ምን ታየህ?»

«ያለቀሰ መሰለኝ። ማየት ስላቃተኝ ወጣሁ። እስኪደክመኝ ሮጥኩ።»

«ያን ቀን ጓንትህን ማን አሰረልህ?»

«እንደ ሁልጊዜው፣ ባልዲ።»

ባልዲ የሟቹ ወንድም ነው። አጭር፣ ፈጣን፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ኮቱን እንደለበሰ ገባ፤ ከመቀመጡ በፊት ማልቀስ ጀመረ።

«ስሜ እኮ ጠፍቶ ነው ባልዲ የምባለው። ወንድሜ ሲጋጠም ውሃውን የምሸከም፣ ደሙን የምጠርግ እኔ ነበርኩ። እሱ ሲጨበጨብለት እኔ ባልዲውን አነሳለሁ። ክለቡንም ሲከፍት ዕቃውን የምጠግን፣ ከረጢቱን የምሰፋ እኔው። ምን አለበት፣ ወንድሜ ነው ብዬ ኖርኩ።»

«ጠዋት እንዴት አገኙት?»

«ከበሩ ሳየው ሮጥኩ፣ አቀፍኩት። ቀዝቅዟል።» እንባውን በግራ መዳፉ ሲጠርግ ኮቱ ተከፈተ። ብብቱ ሥር፣ ገበሩ ላይ፣ ቀይ ነገር ተስቦበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ባልዲ ጎንበስ ብሎ አየው። አላወቀውም ነበር፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። «የወንድሜ ደም ነዋ። አቅፌዋለሁ አላልኩዎትም?»

«ብለውኛል።» መርማሪዋ ፊቷን ሳትለውጥ ቀጠለች። «ግራውን እንዴት ያዩታል?»

የሰውየው ዓይን በራ። «እኔ ነኝ ያገኘሁት። አውቶቡስ ተራ ዕቃ ሲሸከም፣ ከሦስት ጎረምሳ ጋር ብቻውን ሲደባደብ አይቼ እጁን ይዤ አመጣሁት። እኔ ልጅ የለኝም። ሰው ልጅህ ማነው ቢለኝ እሱን ነው የምጠቁመው።»

«ሥዕሉስ? ወንድምዎን ይመስል ነበር?»

«አይመስልም። ወንድሜ ሰውን እንደዚያ አያይም።»

«እንደምን?»

«እንደዚያ...» ቃል ፈለገ። «ልትነግረኝ ነው አይደል እንደሚል።»

ከዚያ በኋላ መርማሪዋ ብቻዋን ወደ አዳራሹ ወረደች። ሬሳው ተነስቷል። የቡጢ ከረጢቶቹ ከጣሪያው በሰንሰለት ተንጠልጥለው ተደርድረዋል፤ የተቀደደና የተሰፋ፣ እንደገና የተቀደደና የተሰፋ ቆዳ ናቸው። እያንዳንዱን እያዞረች አየችው። ስፌቱ በሙሉ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፤ ክሩ በላብ ጠቁሯል። ጥጉ ጋ የተሰቀለው የመጨረሻው ከረጢት ላይ ግን፣ ከታች በኩል፣ አንድ ክንድ የሚያህል ስፌት ክሩ ነጭ ነው። ጫን አለችው፤ ውስጡ ጠንከር ያለ ነገር አለ። ሳጅኑን ጠርታ ከረጢቱ አጠገብ እንዲቆም ነገረችው።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም በሪንጉ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሠዓሊዋ የጎደሉትን እጆች በከሰል ስላ፣ ወረቀቱን ከቀዳዳው ኋላ አስገብታ ለጥፋዋለች። ጥቁርና ነጭ ቢሆኑም እጆቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል፤ አንዱ ጓንቱን ከሥር ደግፏል፣ የሌላው አውራ ጣት ጓንቱ ግንባር ላይ ሰምጧል። ፊቱ ያው ነው፤ ግን ከእጁ ጋር ሲታይ ሌላ ሰው ሆነ።

«አውራ ጣቱን እዩት» አለች መርማሪዋ። «ጓንት ውስጥ ስፖንጅ አለ። ስፖንጅ ጣትን ይገፋል እንጂ እንደዚህ አያሰምጥም። ሠዓሊዋ ያየችውን ነው የሳለችው፣ ትርጉሙን ግን አላወቀችም። ይህ ጓንት ግንባሩ ላይ ባዶ ነው። አንድ ሰው ተርትሮ ስፖንጁን አውጥቶ መልሶ ሰፍቶታል። በዚህ የተመታ ሰው በጓንት አልተመታም፤ በአጥንት ነው የተመታው።»

ግራው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«አባትየው ያን ቀን የሁለቱን ልጆች ጓንቶች ሳይመለከት ቆለፈባቸው። እናቲቱ ዕቃ አስቀመጠ አለችኝ። ማየት ያቃተውን ነገር ነበር የሚደብቀው። ለሥዕሉ ሲያወጣ ደግሞ በስህተት የሌላኛውን ልጅ ጓንት አወጣ፤ የልጁ መስሎት ሲያሻሸው ከረመ። አንድ ቀን ጣቱ ባዶውን ቦታ አገኘ። ልጁ እንዴት እንደሞተ ያወቀው ያኔ ነው። ሠዓሊዋም ያዘነው ሰው ጠፋብኝ ያለችኝ ያኔ ነው።»

ሚስትየዋ መቀመጫ ፈለገች፤ ሠዓሊዋ ደገፈቻት።

«ማን እንዳደረገው ግን እርግጠኛ አልነበረም» ስትል መርማሪዋ ቀጠለች። «ስፌቱን ጠርጥሯል። የጠረጠረውን ሰው ስለሚወድ፣ በስፌት ብቻ መፍረድ አልፈለገም። ስለዚህ ሥዕሉን አስጨረሰውና ሦስታችሁን ጠራ። የናንተን ፊት ሊያይ። እናትየው ሥዕሉ ላይ ውሸት አየች፣ ሌላ ነገር አልጠበቀችምና። ግራው ለቅሶ አየ፣ እሱ ራሱ ያላለቀሰው ለቅሶ ስላለበት። ‹ልትነግረኝ ነው አይደል› የሚል ፊት ያየው ግን የሚነግረው ነገር ያለው ሰው ብቻ ነው።»

ማንም ወደ ባልዲ አልዞረም። እሱ ራሱ ነው ሁሉም የዞረበት ይመስል ፊቱን በመዳፉ የሸፈነው።

«በሥዕል ሰው አይከሰስም» አለ ከመዳፉ ሥር።

«አይከሰስም። ገዳዩ ጓንቱን ወሰደ፤ ስፌቱ ሥዕሉም ላይ ስላለ እሱንም ቆርጦ ብብቱ ሥር ያዘ። ቀለሙ ግን እርጥብ ነበር። ኮትዎን ይክፈቱ።»

ባልዲ አልተንቀሳቀሰም። ሳጅኑ ከከረጢቱ አጠገብ መጥቶ ኮቱን ገለጠው።

«ጠዋት ያየሁት ቀይ አሁንም ቀይ ነው። ደም ቢሆን እስካሁን ቡናማ ሆኖ ነበር። ደግሞስ ጠዋት ያቀፉት ሬሳ ደሙ ከደረቀ ቆይቷል፤ ምን ሊነካዎት? ይሸተት፤ ዘይት ነው።» ወደ ጥጉ አመለከተች። «ገና በማታው መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር፣ ጓንት ደግሞ ኪስ አይገባም። ስለዚህ እጅዎ በለመደው ሥራ ደበቁት። የአዳራሹን ከረጢት ሁሉ የሰፋው አንድ ግራ እጅ ነው። ጓንቱንም የሰፋው እሱ ነው። አንዱ ከረጢት ላይ ያለው ክር ብቻ ገና ላብ አልነካውም። ቅደደው፣ ሳጅን።»

ሳጅኑ ቢላውን ሲስበው ነጩ ክር ተተርትሮ ከረጢቱ ጨርቅና አሸዋ ዘረገፈ። ከዚያ ቀዩ ጓንት ዱብ አለ። ተከትሎት የተጠቀለለ ሸራ ወደቀና ወለሉ ላይ እየተፈታ ተዘረጋ፤ የአሰልጣኙ እጆች በቀለማቸው ወጡ፣ ባልዲ ሲጠቀልላቸው ተጨመላልቀው።

ባልዲ ተንበረከከ። ሲናገር የሚያየው ግራውን ብቻ ነው።

«እንዲሞት አልነበረም። በእግዜር ስም አልነበረም። አንተ እንድታልፍ ነበር። እሱ የድንጋዩ ልጅ ስለሆነ ሁሉም ይሰጠዋል፣ አንተ ግን ማን አለህ? አንዴ ጠንከር አድርገህ ብትመታው ይወድቃል፣ ይቆጠርበታል፣ አለቀ ብዬ ነው።»

«ወንድምህንስ?» አለች ሚስትየዋ። ድምፅዋ ሰልሏል።

«ሁላችሁም ስትሄዱ ተመለስኩ። ጓንቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ልክ እንደ ሥዕሉ፣ ተቀምጦ ነበር። እንደምትመጣ አውቄያለሁ አለኝ። ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅኩ። ይቅር ልልህ እችል ይሆናል አለኝ። ግን ነገ ለእናቱ እነግራታለሁ፣ ለግራውም እነግረዋለሁ አለ። የእሷንስ ልቻለው። አንተን ሲለኝ ግን... በእጅህ ያስገደልኩት እኔ እንደሆንኩ ልትሰማ ነው። ብረቱን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ሲወድቅም ዓይኑ አልተዘጋም። እያየኝ ነው። እስኪዘጋ ድረስ መታሁት።»

የተቀደደው ከረጢት ሰንሰለቱን እያንቀጫቀጨ ይወዛወዝ ነበር።

ግራው ወደፊት ተራመደ። ሳጅኑ ባልዲን ይመታዋል ብሎ መሃል ገባ፤ ወጣቱ ግን አልፎት ሄደ። ከሪንጉ የብረት ምሰሶ ፊት ቆመና በባዶ ግራ እጁ መታው። ብረቱ ጮኸ። ደገመው። በሁለተኛው አጥንት ሲሰነጠቅ ሁሉም ሰሙት። ሳጅኑ ከኋላው አቀፈው፤ ግራው እንደ ሕፃን አራገፈው። በሦስተኛው ምሰሶው ላይ ደም ተረጨ። አፉ እየተንቀሳቀሰ ነው፣ የሚለው ግን አይሰማም።

ሚስትየዋ ከሠዓሊዋ እጅ ወጣች። ካቻምና ጀምሮ ይህን ልጅ መንገድ ላይ ስታገኘው ተሻግራ የምታልፈው ሴት፣ በሱና በምሰሶው መካከል ገብታ ጀርባዋን ለብረቱ ሰጠች። የተሰበረው ቡጢ ከፊቷ ፊት ለፊት አየር ላይ ቀረ። ከአንጓው የሚንጠባጠበው ደም ሻሿ ላይ አረፈ።

«አምጣ» አለችው።

«እትዬ፣ በዚህ እጅ ነው።»

«ሰምቻለሁ። አምጣው።»

ቡጢውን በሁለት እጆቿ ያዘችውና፣ እንዳያመው ቀስ እያለች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች። ከኋላቸው ሳጅኑ የባልዲን እጆች ያስር ነበር፤ ባልዲ «ልጄ» እያለ ይጣራል። ሻሿን ከራሷ ፈትታ በተሰነጠቀው አጥንት ላይ አጥብቃ ስትጠመጥምለት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ለባሏ ይሁን ለልጇ፣ ለዚህኛው ይሁን፣ እሷም አልለየችውም።

«በቃ» አለችው። «ከዚህ ቤት አንድ ቀብሬያለሁ፣ ነገ ሌላ እቀብራለሁ። ሦስተኛ አልቀብርም።»